ሚዛንና የግራው ስፒከር

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ሚዛን» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት አብሯት የሚሠራው ኪቦርዲስት ነበር። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አንድ ዘፋኝ አንዲቱን መስመር ሦስት ጊዜ ዘፍኖ ሲጨርስ፣ እሷ ደጋግማ ሰማችውና «ሁለተኛው ላይ ትንፋሹ ከድምፁ ቀድሟል» አለች። ዘፋኙ አልሰማውም፣ ኪቦርዲስቱም አልሰማውም። ፍጥነቱን ቀንሰው ሲያጫውቱት ግን እውነትም ቀድሟል። «ይቺ ሴትዮ ያላት ጆሮ አይደለም፣ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ነው» አለ ኪቦርዲስቱ። ስሙም በዚያው ጸናባት።

ስቱዲዮዋ ከታላቅ እህቷ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ ለብሷል፤ በሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተደራርቧል። ከእህትየው የስፌት መኪና በላይ ቀይ አምፖል ተሰቅሏል፤ ቀረጻ ሲጀመር ይበራል፣ እህትየውም እግሯን ከፔዳሉ ታነሣለች። «በገዛ ቤቴ ትራፊክ መብራት አቆምሽብኝ» እያለች ታማርራለች እንጂ አንድም ቀን ጥሳው አታውቅም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያች ክፍል ውስጥ ይቀረጻል። ቅዳሜና እሑድ ዕቃው ተነቃቅሎ በኪራይ መኪና ወደ ሠርግ፣ ወደ ምርቃት፣ ወደ ስብሰባ ይሄዳል። ሚዛን ኢንሹራንስ የገባችውም በዚሁ መመላለስ የተነሣ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ሙሽራ ለማየት ሲንጋጋ፣ ሁለት ማይክራፎን ከነመቆሚያቸው ውሃ በላቸው። በማግሥቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደች።

«ዕቃው ከስቱዲዮ አይወጣም ወይስ መድረክ ላይም ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት የውል ክፍሏ ሠራተኛ።

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! ለስቱዲዮ ብቻ ብለው ፈርመው፣ ዕቃው መንገድ ላይ ቢሰበር ወይ ከመድረክ ቢወድቅ እኛ የለንበትም።»

ለሁለቱም ይሁንልኝ አለች። ዝርዝሩን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባት። እያንዳንዱን ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩ መዘገበች፤ ኬብሉን ሳይቀር በሜትር ለክታ ጻፈችው። ኪቦርዲስቱ ወረቀቱን እያገላበጠ «የእኔን ጣቶች ረሳሻቸው?» አላት።

«መለያ ቁጥር የላቸውማ» አለችው።

መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ፣ የፈለገ ጨምሮ የሚገባው አንድ መስመር ነበር፦ በሥራ ላይ በባለቤቱ አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት። እኔ ደግሞ ምን እሆናለሁ ብላ ሰረዘችውና ፈረመች።

ነገሩ የሆነው በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የምርቃት ድግስ ላይ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሚዛን እንደ ልማዷ የሄድፎኑን የግራ ወገን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የቀኙን አዳራሹን እንድትሰማበት ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ድምፅ ማመጣጠኛው ሚክሰር ላይ አጎንብሳለች። መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተሩን አስነሡት። ማን ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ብቻ ኃይሉ ከልክ በላይ ሆኖ መጣ። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ጧ ብለው ጨሱ። ሚክሰሩም ተቃጠለ፤ ከመቃጠሉ በፊት ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን በሄድፎኑ በኩል ለቀቀው። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ጅራፍ የጮኸ መሰላት።

ሄድፎኑን መንጭቃ ጣለችው። ኪቦርዲስቱ እየሮጠ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች። ውሸት አልነበረም፤ የተሰማት ነገር አልነበረም። ሰው እየተተራመሰ እሷ ኬብሏን እንደ ሌላው ቀን ሁሉ በክንዷ ላይ ጠቀለለች። አሥራ አራቱንም ጠቀለለች። ቤት ገብታ እራቷን በላች። ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ነበር። ሰኞ ዕለት ፉጨቱም ቆመና ያ ወገን ጭር አለ። ለእህቷ አልነገረቻትም፣ ሐኪም ቤትም አልሄደችም። የሆነ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራውን በሩቁ እንደምትሰማ ዓይነት ሆነባት፤ አያገባኝም እንደ ማለት። ሥራዋን ቀጠለች፤ ካሳ መጠየቂያውን ሞላች።

በአምስተኛው ቀን የኢንሹራንሱ ገማች መጡ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ የእጅ ባትሪና ወፍራም መዝገብ የያዙ፣ ችኮላ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሚዛንን ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዋን አገኟት። የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አመሳከሩ። ሚክሰሩን ጎንበስ ብለው አሸተቱና «ሽታ አይዋሽም፤ ተቃጥሏል» አሉ። የኬብሉን ሜትር ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ ኬብሉን የለካ ሰው አላጋጠመኝም።»

በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩ፤ በዚያ ቅዳሜ እነሱም ወደ ድግሱ ተወስደው ነበር። ከሬዲዮኗ ጋር አገናኘቻቸውና ሙዚቃ ከፍታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«የቀኙ ደህና ነው» አለች። «የግራው ሞቷል።»

ገማቹ ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን አነሡ። አልጻፉም። ጥቂት አዳመጡና ተነሥተው መዳፋቸውን ግራው ስፒከር ላይ አሳረፉ።

«ይሄ እኮ እየሠራ ነው።»

«አይሠራም።»

«እስቲ ይምጡና ይንኩት።»

ነካችው። ከመዳፏ ሥር ይርገበገባል። ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞርና ቀኝ ወገኗ ወደ ስፒከሩ ሲመጣ፣ ሙዚቃው በቀኝ ጆሮዋ ጥርት ብሎ ገባ። እጇን ሳታነሣ ቆማ ቀረች። ገማቹ ሬዲዮኑን ራሳቸው አጠፉት።

«ጆሮሽ ነው?» አሉ። «እርስዎ» ማለታቸውን ትተውት ነበር።

«አዎ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከቅዳሜ።»

«ማን ያውቃል?»

«እርስዎ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጡና ውሉን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጡ። የተሰረዘውን መስመር አዩት። እሷም ሲያዩት አየቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ የዕቃ ገማች ነኝ» አሉ ውሉን እያጠፉ። «የሚሠራውን ሞቷል ብዬ አልጽፍም።»

«አይጻፉት።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ዕቃው እኔን አምስት ቀን ቢጠብቅ አይከፋበትም። ለጆሮ ግን አምስት ቀን ብዙ ነው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ።»

እሳቸው ሲወጡ ወደ ስፌት ቤቱ ዞረች። «እትዬ፣ የግራ ጆሮዬ አይሰማም» አለች፤ አንድ ቁልፍ ተበጥሷል የምትል ይመስል። እህትየው መቀሱን ጥላ ጮኸች፣ ከዚያም አለቀሰች። ሚዛን እህቷ ስታለቅስ ቆማ አየች። ከሷ ዓይን ግን እንባ ጠብ አላለም።

ሐኪሟ መረመረቻት፤ የመስሚያው ነርቭ ተጎድቷል አለች። የሁለት ሳምንት መድኃኒት ሰጠቻት። «በሁለተኛው ቀን ብትመጪ ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም» አለቻት፤ «ግን የተሻለ ነበር።» መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳታጓድል ዋጠች። ጆሮው ወይ ፍንክች። እህትየው አንጀቷ አርሮ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ! ኬብል በሜትር የለካሽ ሴት ራስሽን ረሳሽ?» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ትጸጸትና ቀሚስ ልስፋልሽ ትላታለች። በዚያ ክረምት ሦስት ቀሚስ ሰፋችላት።

በሦስተኛው ወር አዲሱ ሚክሰርና አምፕሊፋየሮቹ ከነካርቶናቸው መጡ። ኪቦርዲስቱ እንደ ሕፃን ዙሪያቸውን ጨፈረ። ሚዛን ካርቶኑን በቢላ ከፈተች፣ ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር አመሳከረች፣ ገጣጥማ አበራች። ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ጠበቀችውም፣ አልመጣም።

በአዲሱ ዕቃ መጀመሪያ የሠራችው የአንዲት አዲስ ዘፋኝ ዘፈን ነበር። ዘፋኟ ሰማችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ይቅርታ፣ እኔ አላዋቂ ነኝ» አለች፤ «ግን ወደ አንድ ጎን አላጋደለም?»

ኪቦርዲስቱ ሳቀባት። «ሚዛን ተሳስታ ከሆነ ጆሮዬን ይቁረጡት!»

«ጆሮህን ተወው» አለች ሚዛን። «የእኔ ይበቃል።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዘፈኑን እንደገና አጫውቶ ሰማ። ዘፋኟ ስትሄድ ሁሉንም ነገረችው።

«ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ!»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን አልሳቀም። «ለማንም አትንገሪ፤ ለእኔ ግን መንገር ነበረብሽ» አለና ኪቦርዱን ሳይሸፍን ወጣ። በማግሥቱ በሰዓቱ መጣ። የሷን ወንበር ወደ ግራ ገፋ፣ የራሱን መሐል ላይ አደረገ። አሁን እሷ ቀኝ ጆሮዋን ወደ እሱ አድርጋ ትቀመጣለች።

ሥራው እንደዚያ ቀጠለ። ቀኝና ግራውን የሚያደላድለው እሱ ነው። ድምፅ ለብቻው፣ ከበሮ ለብቻው ሲሆን ግን አሁንም የሷን ያህል የሚሰማ የለም፤ የቀደመ ትንፋሽ አያመልጣትም። የመድረኩ ሥራ የሷው ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ከሁለቱም ወገን የሚወጣው አንድ ድምፅ ነውና። ወሬው ሲወጣ «ባለ አንድ ጆሮዋ» እያሉ ሌላ ስቱዲዮ የሄዱ ደንበኞች አሉ። ወሬውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ሐዘን ይሁን ጥጋብ እንጃ፤ እህትየው «ምን ተሰማሽ?» ስትላት «ምንም» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

በዚህ ዓመት ከጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ መዶሻው አያርፍም፤ ሲበዛ ቀረጻውን ያቋርጡና ኪቦርዲስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሚዛን ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች። ቀኝ ጆሮዋን ትራሱ ላይ ስታሳርፍ መዶሻው፣ የስፌት መኪናው፣ መንገዱ፣ ሁሉም ጸጥ ይላል።

አንድ ቀን እህትየው ገብታ፣ ምሳው ሳይነካ ስለ መቅረቱ፣ ስለ ሠራተኞቹ አቧራ፣ ስለ አንዲት ነገረኛ ደንበኛ ስታወራ ቆየች። መልስ አጣች። ቀርባ ስታያት የሚሰማው ጆሮ ትራሱ ውስጥ ነው። እግሯን ነካ አደረገቻት።

ሚዛን ቀና አለች። «ምን አልሽኝ፣ እትዬ?»

«ምንም» አለች እህትየው፣ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እየሳበችላት። «ተኚ።»