«በልቻለሁ» ያለችው ሰሚራ

ትናንት ከጥናት ላይ ተነስቼ ስልኬን ስከፍት፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምከታተለው የኮሚክ ቻናል አዲስ ክፍል ለጥፎ አገኘሁ። ከሥዕሉ በፊት ኮሜንቱን ነው ያየሁት፤ ልማዴ ነው። አንዷ አንባቢ «ይሄ በእውነተኛ ሕይወት አይሆንም!» ብላለች። ሳቄ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ፣ በሦስት ቃለ አጋኖ፣ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ኮሚኩ የሰሚራ ታሪክ ነው። ሰሚራ ሚኤሶ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ከምትሸጥ እናቷ ተለይታ፣ ለትምህርት ጭሮ የመጣች ልጅ ናት። ምንም ጉድ አይደርስባትም። ደብተር ይጠፋባታል፣ ሚኒባስ ያመልጣታል፣ በቃ። እኛ አንባቢዎቹ ግን እንደ ዳኛ ነበርን። አንድ የድሬ ልጅ «አቦ፣ በሚኤሶ ቀትር ሹራብ ማን ይለብሳል?» ብሎ ሲጮህ፣ ሠዓሊው በቀጣዩ ክፍል ሹራቧን አስወለቃት። የመቻራው ደግሞ «መንገዳችንን አስፋልት አደረግከው፣ አሜን ነው!» ብሎ አሳቀን።

የማነበው ከኢፍቱ ጋር ነበር። ኢፍቱ የዴስክ ጓደኛዬ ናት፤ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ማዶ፣ ገና ሳይነጋ ተነስታ በእግሯ ትመጣለች። የእኛ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለሆነ፣ በምሳ ሰዓት አብረን እንሄድና ስልኩን እንከፍታለን። እናቴ ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ወደዚሁ ጭሮ ተመድባ ነው የመጣችው፤ ምሳ ከድና ትታልኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔ ክዳኑን እየከፈትኩ «ነይ ብዪ» እላለሁ፤ ኢፍቱ «በልቻለሁ» ትላለች። እኔ እበላለሁ፣ እሷ በንጹሕ ጣቷ ገጹን ትገልጥልኛለች። እንዲህ ተመቻችተን ነበር።

አንድ ቀን፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰሚራ የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ በእግሯ ጭሮ ገባች። አከራይዋ «ምሳ ብዪ» አለቻት። ሰሚራ «በልቻለሁ» ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ኮሜንቱ ታመሰ፤ ግማሹ ኩራት ነው አለ፣ ግማሹ ሞኝነት። እኔ ወጡን ከጣቴ ልሼ ጻፍኩ፦ «የራበው ሰው በልቻለሁ አይልም። ይሄ በእውነተኛ ሕይወት አይሆንም!!!» ላይኩ ይዘንብ ጀመር።

«አየሽ? ስልሳ ሰው!» አልኳት።

ኢፍቱ አልሳቀችም። «ስንቴ ጠየቋት?» አለች።

«ማንን?»

«ሰሚራን።»

ገጹን መልሼ አየሁ። «አንዴ።»

«እህ» አለችና ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች።

በማግስቱ ለምሳ እኛ ቤት አልመጣችም፤ «የማጠናው አለኝ» አለችኝ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ብቻዬን ምሳዬን ይዤ ያንን ክፍል ደግሜ ከፈትኩት፤ ምን አስቀየማት? ያኔ ነው ያላየሁትን ያየሁት። አከራይዋ «ብዪ» ስትል ፊቷ ወደ ሰሚራ አይደለም፤ እጇ ትሪው ውስጥ ገብቷል። የእኔን እጅ አየሁ። ከንጋት በፊት ቁርሷን የቀመሰች ልጅ፣ ሙሉ ወር፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ገጽ ገልጣልኛለች። እነኢፍቱ ቤት ገና በመጀመሪያው ጥያቄ እጁን የሚዘረጋ እንግዳ የለም፤ ጠያቂውም ባንዴ አይለቅም። እናቴም ብትሆን እንግዳ ሲመጣ እየማለች ነው የምታበላው። እኔ ብቻ «ዘመናዊ» ሆኜ አንዴ ጠየቅኩ።

የተቀቀለ ስኳር ድንች በፌስታል ይዤ ሮጥኩ። ከክፍሉ ጀርባ ደብተር ከፍታ ተቀምጣለች።

«ብዪ።»

«በልቻለሁ።»

«ኢፍቱ፣ ብዪ።»

«ወላሂ ጠግቤያለሁ።»

ልጬ አፏ ድረስ ወሰድኩት። «ካልበላሽ እኔም አልበላም፤ አብረን እንወድቃለን።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! እንደ አክስቴ ሆንሽ እኮ» አለችና ጎረሰች። ሁለተኛውን ግን ራሷ ነው ያነሳችው። ኮሜንቴን አላጠፋሁትም፤ ከሥሩ «ተሳስቻለሁ፤ ይሆናል» ብዬ ጨመርኩበት። ላይክ ያደረገችው ኢፍቱ ብቻ ናት፣ በወንድሟ ስልክ።

አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነን። ትናንትም አጠገቤ ነበረች፤ ከሳህኔ ላይ ሳምቡሳ እያነሳች፣ ማንም ሳይጠይቃት። በአዲሱ ክፍል ሰሚራ እንደገና «በልቻለሁ» ብላለች፤ ለዚያች «አይሆንም» ላለችው ለማላውቃት አንባቢ ረጅም መልስ ጀምሬ አጠፋሁት። ኢፍቱ ስልኩን ነጠቀችኝና በዘይታም ጣቷ ሁለት ቃል ጻፈች፦ «ስንቴ ጠየቋት?»