የሚስቴን ኮርቻ ዝቅ ያደረገው ሰው

በነቬ ኢታማር ሠፈር ካለነው ከአገር ቤት የመጣን ጡረተኞች መካከል በብስክሌት የሚቀድመኝ የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከኋላ ሆነው ጀርባዬን ሲያዩ የኖሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። ያስተማረኝም የለም። ልጄ ሲያገባ ትቶት የሄደውን ብስክሌት ከሕንፃችን የቦምብ መጠለያ ክፍል አውጥቼ፣ ከጓሮ ካለው የመኪና ማቆሚያ ላይ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ብቻዬን ለመድሁ። ፍሬን ማጥበቁን፣ ሰንሰለት መቀየሩን፣ ጎማ መለጠፉን፣ ሁሉንም ፈትቼ በመግጠም ነው ያወቅሁት። ዛሬ የሠፈሩ ሰው ብስክሌቱ ሲበላሽ ሱቅ አይወስድም፤ ወደ እኔ ያመጣል።

ዓርብ ዓርብ ጧት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ወንዱም ሴቱም አብረን እንወጣለን። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፈጣኖቹ ቀድመን ኢር ያሚም ሠፈር እንደርስና፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ከሚጀምርበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ ቀርፋፎቹ ሲደርሱ አብረን እንቀጥላለን። ከቀርፋፎቹ አንዷ ሚስቴ ናት። ብስክሌት ያስተማርኋት፣ የኮርቻዋንም ከፍታ የለካሁላት እኔ ነኝ። ኮርቻ ማለት እግር ፔዳሉን ረግጦ ሊዘረጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ ማለት አለበት።

እሷ በላብ ተጠምቃ ስትደርስ እኔ ካረፍሁ ቆይቻለሁ፤ እግሬ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ወዲያው እነሣለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተስ አርፈህ ነው የምትነሣው፤ እኛ መቼ እንረፍ?» ትለኝ ነበር።

«ፈጥናችሁ ስትደርሱ» እላታለሁ። እውነቴን ነው። ሰው የሚጠነክረው እንደዚያ ነው።

በኋላ ያ ሰውዬ መጣ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከጎረቤት ከተማ ከቃዲማ ተነሥቶ እኛ ሠፈር ልጁ ዘንድ የገባ ጡረተኛ ነው። ፀጉሩ ከእኔ የባሰ ነጥቶ ሳለ «ጋሼ» ይለኛል። የሚነዳው ከፊቷ ቅርጫት የተንጠለጠለባት የሴት ብስክሌት ነው፤ ሰንሰለቷ ሲንጣጣ ከሩቅ ይሰማል። ዘይት ልቀባልህ ስለው፣ «ይተዉት ጋሼ፣ መምጣቴን ያውቁበታል» አለኝ። ከፈጣኖቹ ጋር ልሞክር እንኳ አላለም። ገና በመጀመሪያው ዓርብ፣ መጨረሻ ላይ ካለችው ሴት ጎን ሆኖ ቀረ። መጨረሻ ላይ ያለችው ሚስቴ ናት።

ድሮ ትንፋሽ አጥሯቸው ዝም ብለው ይደርሱ የነበሩ ሰዎች እየሳቁ መድረስ ጀመሩ። ሚስቴ የራስ መከላከያ ካስዳዋን አውልቃ፣ በሳቅ የመጣውን እንባዋን በመሐረብ ትጠርጋለች።

«ምን ተገኘ?» እላለሁ።

«ምንም። እዚያው ሆነህ ካልሰማኸው አያስቅም።»

ከአገር ስንወጣ ካቋረጥነው ከሱዳን በረሃ ጀምሮ እሷ በነበረችበት ሁሉ ነበርሁ። እኔ ያልነበርሁበት ሳቅ ኖሯት አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ጎማዋን ልነፋላት ብስክሌቷን ስይዝ ኮርቻው ዝቅ ብሎ አገኘሁት።

«ይህን ማን ነካው?»

«እሱ ነዋ። አሁን እግሬ መሬት ስለሚደርስ አልፈራም።»

«ድሮ ትፈሪ ነበር?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። አልሰማኸኝም፤ ከፊት ነበርህ።»

የሌላ ሰው እጅ የሚስቴን ኮርቻ ፈትቶ አስሯል። ለዚያውም ብሎኑን በወጉ አላጠበቀውም። አጠበቅሁት። ከፍ ላደርገው እጄ ሄዶ ነበር፤ ተውሁት።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ቀርፋፎቹ ተማክረው፣ ከእንግዲህ ማንንም ሳያስጠብቁ በብርቱካን እርሻዎቹ በኩል ወደ ቃዲማ ሊሄዱ ቆረጡ። መንገዱን ሰውዬው ያውቀዋል። ሚስቴ ይህን ስትነግረኝ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እኔስ?» አልኋት።

«አንተማ ፈጣን ነህ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ዓርብ ጧት ከፈጣኖቹ ተለይቼ ከእነሱ ጋር ሄድሁ። ጓደኞቼ «ዛሬስ አረጀ!» እያሉ ሳቁብኝ። የእርሻው መንገድ ጠባብ ነው፤ ከሁለት ብስክሌት በላይ ጎን ለጎን አያስኬድም። ሰውዬው ሳይቀድመኝ ከሚስቴ ጎን ገባሁ። ይሁን እንጂ በእሷ ፍጥነት ስሄድ መሪው እምቢ አለኝ፤ አንዴ ወደ ጥሻው፣ አንዴ ወደ እሷ ይወስደኛል።

«ኧረ ዳይ፣ በቃህ! ልትጥለኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ጋሼ፣ ማርሹን ያቅልሉት፤ ዓይንዎን ደግሞ ከጎማው አንሥተው ሩቅ ይዩ» አለኝ ሰውዬው ከኋላ።

ለእኔ! ስለ ማርሽ!

ሳምንቱን ሙሉ መኪና ማቆሚያው ላይ በዝግታ መንዳት ተለማመድሁ። ቀስ ብሎ መንዳት ከመፍጠን ይከብዳል። ይህን የሚያውቅ ፈጣን ብዙ የለም፤ እኔ ግን በራሴ ደረስሁበት። በሚቀጥለው ዓርብ ከሚስቴ ጎን ቀጥ ብዬ ሄድሁ። ሰውዬው ከኋላችን ከሌላ ሴትዮ ጋር ሆነ። ደስ አለኝ። ብርቱካኑ መካከል ስንደርስ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ያገኙንን ሽፍቶች እንዴት እንዳታለልኋቸው ማውራት ጀመርሁላት። ያንን ታሪክ እንደ እኔ የሚያወራው የለም።

ከኋላ ደግሞ ሰውዬው ስለ አማቱ የሆነ ነገር እያወራ ነበር። ሚስቴ አንገቷን ወደ እሱ መለስ አደረገች።

«እስቲ አንዴ ቆየኝ፤ ልስማው» አለችኝ።

ቆየኋት። እኔም አብሬ ሰማሁት፤ ምንም አያስቅም። እሷ ግን ወደ ኋላ እየዞረች ስትስቅ ብስክሌቷ ወደ እኔ አዘመመና ትከሻዋ ትከሻዬን ገፋው። እኔ አልተነቃነቅሁም። ይሳቅ፣ ይወራ፤ ከእሷ ጎን ያለውን ቦታ ለማንም አልለቅም።