ሳልጠራው ያለፍኩት ስም

ባለፈው ሳምንት መተማ ዮሐንስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተሰብሮ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ቆምን። የተቃጠለ ብረትና የቀለም ሽታ ከፀሐዩ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ ጋሼ ይመር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ወዲያው አንገቴን ደፋሁ።

ጋሼ ይመር ልጅ ሳለሁ ሸሕዲ ከተማ ከእኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር በያጅ ነበር። በየእርሻው የተጣለ የትራክተር ማረሻ ዲስክ፣ የመኪና ባሌስትራና የተቀደደ በርሜል በጋሪ እያመጣ አጥር ሥር ይከምራል። ብየዳው ዓይኑን ያቃጠለው ዕለት ጥሬ ድንች ቆርጦ በሁለት ዓይኖቹ ላይ ያደርግና ጥላ ውስጥ ይጋደማል። የቦርሳዬን ዘለበት የሚጠግንልኝ፣ የጫማዬን ምስማር የሚመታልኝ እሱ ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ግን «ይመር ቁራሌው» ይሉታል። «ዘመድሽ ነው እንዴ?» ሲሉኝ «አላውቀውም» እላለሁ።

በዚያ ቁርጥራጭ ብረት በጋውን ሙሉ አንድ ሰው ሠራ፤ የሰሊጥ ነዶ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፣ አንገቱ ከሸክሙ ብዛት ወደ ጎን አዘንብሏል። ያየው ሁሉ ወደደው። አደባባዩ ላይ እንዲቆምም ተወሰነ።

ሐውልቱ በተመረቀበት ቀን በተማሪዎች ስም የምስጋና ወረቀት እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ጠዋት ጋሼ ይመር የመደብር እጥፋቱ ያልለቀቀ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በራችን ላይ ቆመ። እናቱ ከሚኖሩባት ከገለጉ ከተማ በጭነት መኪና መጥተዋል።

«ስሜ ጋ ስትደርሺ ጮክ በይ፣ እሺ? የእናቴ ጆሮ ደከም ብሏል።»

«እሺ» አልኩት።

መምህሬ ስሙን የጻፉት የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር፤ «ይህን ሐውልት በእጁ ለሠራልን ለአቶ ይመር» ይላል። እዚያ ስደርስ ቀና አልኩ። ጓደኞቼ ከፊት ተቀምጠው፣ ገና ሳልናገር አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ። ወረቀቱን አጠፍኩና «አመሰግናለሁ» ብዬ ወረድኩ። ሰው አጨበጨበ።

በጋሼ ይመር አጠገብ ሳልፍ እናቱ ክንዱን ይዘው «መቼ ነው የሚጠሩህ?» አሉት።

«ጠርተውኛል እኮ፣ እማዬ። ጫጫታው ነው ያላሰማሽ።»

እኔን አየኝና ፈገግ አለ። ግቢ ስንገባም «ጥሩ አነበብሽ» አለኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአጨዳው በኋላ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለሥራ ተሻገረ፤ በዚያው ቀረ። ሐውልቱ ግን የከተማዋ መታወቂያ ሆነ። ሰው «ሰሊጠኛው ጋ እንገናኝ» ይላል፤ ከደጋ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አሠሪ የሚጠብቁት እግሩ ሥር ነው። ሥዕሉ በባጃጆች መስታወት ላይ ተለጥፏል። አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይም አለ፤ በየቀኑ ከስድሳ ደረት ላይ ያየኛል። ማን እንደሠራው ግን የሚያነሳ የለም።

አምና መንገዱ ሲደርቅ እናቱን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ገለጉ ሄድኩ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ያን ቀን ወረቀት ያነበብኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሁለት እጄን ያዙኝ።

«ልጄን የጠራሽልኝ አንቺ ነሽ? እኔስ አልሰማሁም ነበር። እሱ ግን እስኪሄድ ድረስ ‹አሳምራ ጠራችኝ› እያለ ያወራልኝ ነበር።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ምርቃታቸውን ጀምረዋል።

«ስምሽ በደግ ይነሳ፣ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ።