ያልተያዘችው ከተማ

በደርግ ጊዜ የውጭ አገር ራዲዮ ጣቢያዎችን እያዳመጥኩ ስለ አገራችን የተወራውን ለአለቆቼ አቀርብ፣ መልሱንም አረቅቅ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ ራሴው ተማርኩት። የጻፍኩትን ማስተባበያ አለቆቼ አንዲት ቃል ሳይነኩ ነበር የሚያሳልፉት። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህም እንደኔ የሚጽፍ አላየሁም።

ከሥራ ስመለስ ኮልፌ ገበያው ጥግ ከነበረው ልብስ ሰፊ ወዳጄ ሱቅ ጎራ እላለሁ። የማታው ዜና ሲጀምር የስፌት መኪናውን ያቆምና ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። የት እንደምሠራ ያውቅ ስለነበር “ዛሬስ ማንን አፍ አስያዝክ?” እያለ ይቀልድብኛል። የጻፍኩት በአንባቢው ድምፅ ሲነበብ ደስታዬን የምደብቅበት አጣ ነበር።

የወዳጄ አንድ ልጁ ሰሜን ውስጥ በአንዲት ከተማ ወታደር ነበር። አንድ ቀን የውጭዎቹ ጣቢያዎች ያቺ ከተማ በአማፅያን ተያዘች አሉ። መልስ ጻፍ ተባልኩና ጻፍኩ፦ ከተማይቱ ተይዛለች እየተባለ የሚነዛው ወሬ መሠረተ ቢስ ነው። የእኛ ራዲዮ ስለዚያች ከተማ ከዚያ በፊት ትንፍሽ አላለም ነበር። ያን ሁሉ ቃል ስመርጥ ይህ አልታየኝም።

ማታ ሲነበብ ወዳጄ መቀሱን እንደያዘ ቀረ።

“ማን ተይዛለች አለና ነው?” አለ።

ደንበኞች ወደሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ዞር ብዬ አየሁ።

“ልጄ ያለባት እኮ ናት! በእናትህ፣ ምን ሰማህ?”

አግዳሚው ላይ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። የሰሙትን ማውራት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

“አልተያዘችም” አልኩት።

“ይህንንማ ራዲዮኑ ነገረኝ።”

ሱቁን እስኪዘጋ ጠብቄ እስከ ቤቱ ብሸኘው ኖሮ በመንገድ ላይ በጆሮው እነግረው ነበር። እኔ ግን በጊዜ ወደ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ወዳጄ ልጁን ፍለጋ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ መንገዱ ተዘግቶ ከግማሽ ተመለሰ። የልጁ ወሬ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ከዚያም በኋላ ሱሪዬን ይሰፋልኛል፣ ሰላም ይለኛል። የዜናው ሰዓት ሲደርስ ግን ራዲዮኑን ያጠፋና መኪናውን መርገጥ ይጀምራል።

“ምነው፣ እንስማ እንጂ” እለዋለሁ።

“አንተ ሰምተኸው የለ” ይለኛል፣ ከጨርቁ ቀና ሳይል።