ከካምፓላ እስከ ገረሴ፦ ኳሴ ለምን ከመስመር ታልፋለች?

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ መነኻሪያ ደረስኩ። ሻንጣዬ ላይ የካምፓላ፣ የአክራና የካይሮ አየር ማረፊያ ወረቀቶች ተለጣጥፈዋል። ያየ ሰው አሸንፋ መጣች ይላል። እውነቱ ግን፣ አንባቢዬ፣ በሦስቱም ከተማ ገና በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቻለሁ።

ባድሚንተን ተጫዋች ነኝ። አገር አቀፍ ውድድሩ እኛው ከተማ አርባ ምንጭ በተደረገ ጊዜ የአዲስ አበባዎቹን ሁሉ ረትቼ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጥኩ፤ ልምምዴ ግን ሁሌም እዚያው ነው። ሻትል የምንላትን የላባ ኳስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመላክ የሚያህለኝ የለም ተብሎልኝ ነበር። ውጭ አገር ግን የመታኋት ሁሉ ከመስመር ታልፋለች። የመስመር ዳኛው ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ አውት። እንደገና እመታለሁ፤ እንደገና አውት። ካምፓላ ላይ የአዳራሹን ነፋስ ጠረጠርኩ። አክራ ላይ የራኬቴን ክር አስቀየርኩ። ካይሮ ላይ ዓይኔን ልመረመር ምንም አልቀረኝ።

አሁን ከውድድር ዘመኑ የቀረው አንድ ጉዞ ነው። የቡድኑ አሠልጣኝ እሄዳለሁ ወይስ ቦታዬን ለሌላ እለቃለሁ የሚለውን እስከ ሰኞ እንዳሳውቀው ነግሮኛል። መልሱን የማውቀው መስሎት ነው።

ከሰዓት፣ ምዕራብ ዓባያ

ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ሙዝና ማንጎ የያዙ ሴቶች አውቶቡሱን ከበውታል፤ ከወዲያ የዓባያ ሐይቅ ቡናማ ውሃ ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት ሀጂ ኑሪ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ላባ መምታት ሥራ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ችግሬን በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ ግን፣ "ታዲያ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አትመቺያትም?" አሉኝ።

ፈገግ ብዬ ሙዜን ላጥኩ። ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ ሦስት አገር ምን አንከራተተኝ? ደግሞስ ቀስ ብዬ ከመታሁ ከሌላው በምን ልለይ ነው?

አርብ፣ አርባ ምንጭ

እማዬ ነገሩ የሰው ዓይን ነው ብላ በማለዳ ጸበል ወሰደችኝ። አልተከራከርኳትም። ከዚያ በቀጥታ ወዳደግኩበት አዳራሽ ሄድኩ። የልጅነት አሠልጣኜ ጋሽ ታደሰ ያቺኑ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። መታሁ። ሻትሏ ሄዳ ሄዳ መስመሩ ላይ አረፈች። ደገምኩ፤ መስመሩ ላይ። ጋሽ ታደሰ እጅሽ እንዳለ ነው ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ይብሱን ዞረብኝ። ቤቷ የማትስት፣ ውጭ የማይቀናት፣ ምን ዓይነት ተጫዋች ናት?

ሲመሻሽ ሙሉነሽ ደወለች። አብሮ አደጌ ናት፤ ደጋው ላይ ገረሴ የስፖርት መምህርት ሆና ተመድባለች። ነይና ተማሪዎቼን አጫውቺልኝ፣ አየርም ትቀይሪያለሽ አለችኝ። ጋሽ ታደሰ ለልጆቹ ብለው ከምንለማመድበት ሻትል አንድ ቱቦ ሙሉ ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ገረሴ

ሚኒባሱ የሙዝ ጋሪዎቹን እያሳለፈ ከከተማ ወጣ። ከዚያ ዳገት ነው፤ ቀይ አፈር፣ ጠመዝማዛ፣ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ጭጋግ። ጆሮዬ ተደፈነ። የገዛሁት የብስኩት ላስቲክ ሳልከፍተው እንደ ፊኛ ተነፋ። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ጃኬት ካለኝ እንዳወጣ መከረኝ።

ሙሉነሽ ገበያው ዳር ቆጮ በጎመንና በዳጣ አበላችኝ። በርበሬው እንባዬን አመጣው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባን። ተማሪዎቹ መረቡ ዙሪያ ቆመዋል፤ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ትመጣለች ተብሎላቸዋል። ቱቦውን ከፈትኩና መታሁ። ሻትሏ በሙሉነሽ ራስ ላይ አልፋ ግድግዳውን መታች። ደገምኩ፤ ግድግዳ። ሠለስኩ፤ ግድግዳ። ካይሮ ድረስ ሄጄ የተዋረድኩት ሳያንስ! ልጆቹ በጨዋነት ሻትሎቹን ለቅመው አመጡልኝ፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔም እዚህ እስክመጣ አላወቅሁትም" አለች ሙሉነሽ። "ሻትሎቻችን የሚገዙት ከአዲስ አበባ ነው። ለደጋ የተሠሩ፣ ዝግ ብለው የሚበሩ ናቸው፤ የደጋ አየር ስስ ነዋ፣ ኳስ አይይዝም። አርባ ምንጭ ሲወርዱ ወፍራሙ የቆላ አየር ይይዛቸውና ያጥራሉ። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን እነሱን ለማድረስ ስንደበድብ አደግን።"

"ውጭ አገርስ?"

"እዚያ ለየከተማው አየር የሚስማማውን ይመርጣሉ። እዚህም እንደዚያው ልኳን ነው የምትበረው። ያለልክ መምታት የለመደው እጃችን ነው።"

የአዲስ አበባዎቹ ልጆች በውድድሩ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ኳሳቸው ለምን ያጥር እንደነበር ያኔ ገባኝ። ታዲያ ያሸነፍኳቸው እኔ ነኝ ወይስ ቆላው? አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። በዳጣው አመካኘሁ።

ስመለስ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነበር። የሀጂ ኑሪ ምክር ትዝ ብሎኝ እያሳቀኝ ከሰዓቱን ሙሉ ቀስ ብዬ መታሁ። እጄ እምቢ ይላል፣ እቆጣዋለሁ፣ ጥቂት ይታዘዘኝና መልሶ ያምፃል። ሊመሽ ሲል አንዷ ሻትል መስመሩ ላይ ቁጭ አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ለካይሮም እንዲህ የጓጓሁ አይመስለኝም።

እሑድ፣ እንደገና አርባ ምንጭ

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ብስኩቴ ተመልሶ ተጨማደደ። ቤት ሳልገባ አዳራሽ ሄድኩ። በገረሴው ልክ መታሁ። ሻትሏ መሃል ሜዳ ላይ ደክማ ወደቀች። ደገምኩ፤ እዚያው። ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ።

"ምነው ልጄ? በአንድ ቀን እጅሽን የት ጣልሽው?"

ለእሳቸው ለማስረዳት ረጅም ቀን ያስፈልገኛል። መጀመሪያ ለቡድኑ አሠልጣኝ ደወልኩና እሄዳለሁ አልኩት። ኳስሽ ተስተካከለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የመታኋት ሁሉ መሃል ሜዳ ላይ እየወደቀችብኝ ነው አልኩት፣ እየሳቅሁ። "ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?" አለኝ። እስከዛሬ ግራ ስጋባ የከረምኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው።