ጠማማዋ ቀስት

ስለ ቦሁሚር ካሎውሴክ ክፉ ስናገር ሰምታችሁኝ ከሆነ አንዱንም ቃሌን አላነሳም። በቼክ አገር በብርኖ ከተማ እኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራችንን የምናኖርበትን መዝገብ ሃያ ዓመት የጠበቀው እሱ ነው። እሱ ያላነበበውና ያልፈረመበት ለውጥ አይገባም። አንዲት ነጥብ ለሳተ ሰው፣ ማንበብ ሳትማር መጻፍ ማን አስተማረህ ብሎ በሁላችን ፊት ይጽፍለታል። እኔንማ ስንቴ አስለቅሶኛል።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ አስልቶ አሻራ የምንለውን አጭር ቁጥር ያወጣለታል፤ ፊርማው የሚያርፈውም በአሻራው ላይ ነው። ስሌቱ ግን አርጅቷል። ተንኮለኛ ሰው ከለፋ ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን በአንድ አሻራ መሥራት ይችላል፤ ያኔ ለአንዱ የተፈረመው ለሌላውም ይሠራል። ወደ አዲስ ስሌት የምንሻገርበትን ዕቅድ ሦስቴ ጻፍኩ፤ የድሮውን አሻራ ከአዲሱ ጋር የሚያያይዝ ሰንጠረዥ ሳይቀር አበጀሁ። ሦስቱንም ጣላቸው። እኔ ያነበብኩት ላይ ማንም አያታልለኝም፣ ፍርሃትሽን እዚያው ጓዳሽ ያዢው አለኝ።

እልህ ያዘኝ። ሁለት ወር ለፍቼ መንታ ፋይል ሠራሁ፦ አንዱ በቀስት ምልክቶች የተሞላ የመመሪያ ሥዕል፣ አንዱ ደብዳቤ፣ አሻራቸው አንድ። ሥዕሉን ላክሁለት። አንዲት ቀስት ጠማማ ናት ብሎ መለሰብኝ! አቃንቼ መንታዎቹን እንደገና ሠራሁ። አነበበ፣ ፈረመ።

በዓመታዊው ስብሰባችን፣ ከአንድ ቢራ ቤት ጀርባ ባለ ክፍል፣ ሥዕሉን በደብዳቤው ተክቼ ግድግዳው ላይ አበራሁት። «እኔ ቦሁሚር ካሎውሴክ ጠባቂነቴን ለቅቄያለሁ» ይላል። ሁሉም በየኮምፒውተሩ ፊርማውን መረመረ፤ እውነተኛ ነው። ሳቁበት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብዬ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

እሱ ተነስቶ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው።

«ፊርማው የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አቶ ካሎውሴክ። ግን እኮ እኔ ለማሳየት ያህል...»

«የፈረምኩትን ክጄ አላውቅም። ዕቅድሽ ይግባ።»

ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። አልተመለሰም፤ ስልክም አያነሳም። ባልደረቦቼ ቦታውን ለኔ ሰጡ። ያኔ ነው ያፈርኩት።

ሽግግሩ ሲጀመር ሰንጠረዡ አንዲት መስመር ላይ ቆመብኝ። በአዲሱ ስሌት ሥዕሉና ደብዳቤው የየራሳቸው አሻራ አላቸው፤ በቦሁሚር ፊርማ ሥር የሚቀመጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሥዕሉን አስቀመጥኩ። ደብዳቤውን አጥፍቼ፣ የፈረሙት ሥዕሉን ነው፣ ቦታዎም ይጠብቅዎታል ብዬ ጻፍኩለት።

ከሳምንት በኋላ አንድ መስመር መለሰ፦ «ያቺ ቀስት አሁንም ጠማማ ናት።»

ሥዕሉን ከፍቼ አየሁት፤ እውነቱን ነው፣ አቃናኋት ያልኳት ቀስት ዛሬም ትንሽ ጠማማ ናት። ሰኞ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የመጀመሪያ ሥራው የኔን ኮድ መጣል ነበር።