ክንዴ በጀርመንኛው ገጽ

ምላሴ ክፉ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አባቴ የደረስጌ መሪጌታ ነበሩ፤ በሰው ፊት አፌን ስከፍት «ይህችን ልጅ ትሕትና ያልናት ተሳስተን ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስለ ክንዴ ግን ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ምላሴ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው የጠፋብኝ።

ሥራዬ ደባርቅ ነው፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንድ ክፍል ቢሮ ውስጥ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ በየአገሩ ጠባይ እጽፋለሁ። ሰው ትርጉም ይመስለዋል። ትርጉምማ ማሽኑም ይሠራዋል። ያለን ያው አንድ ተራራ ነው፤ የሚቀርበው ግን በየሰው አመል ነው። ጀርመኑ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ብታመም ማን ያወርደኛል ይላል። ፈረንሳዩ ስለ ምግቡ ካልነገርከው አይመጣም። አሜሪካኑ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ይጠይቃል። የአዲስ አበባው ደግሞ የመኪናውን ዋጋ፣ የጾም ምግብ መኖሩንና ፎቶ የሚያምርበትን ገደል ነው የሚፈልገው። ለእኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያልኩትን ለፈረንጁ ስድስት እላለሁ። ገጹ ደግሞ ሰው ከየት አገር ሆኖ እንደከፈተው ያውቃል፤ የጀርመኑን ለጀርመን፣ የእኛን ለእኛ ራሱ መርጦ ያወጣል። ደባርቅ ላይ ተቀምጦ ጀርመን ምን እንደሚያይ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም።

ክንዴ አስጎብኚያችን ነበር። የጃናሞራ ልጅ ነው፤ ከመካነ ብርሃን በታች ካለ መንደር። በቅሎ ነጂ ሆኖ ጀምሮ፣ ከእንግዳ ከእንግዳ ቋንቋ ለቃቅሞ አስጎብኚ የሆነ ሰው ነው። ጀርመን ኃላፊነት የሚወስድለትን ሰው በስሙና በመልኩ ማየት ይወዳል ስለተባለ የክንዴን ፎቶ በጀርመንኛውም በአማርኛውም ገጽ አወጣን። በጀርመንኛው ከፎቶው ሥር «ክንዴ እባላለሁ፤ ደባርቅ እጠብቃችኋለሁ» የሚል አለበት። ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱም በየመንገዱ ለድንጋዩ ሁሉ ሲለው ይውል ነበር። ደንበኛ በዚያ ፎቶ እንደጎረፈ በሌላ በምንም አልጎረፈም።

ካቻምና በነሐሴ፣ ፍልሰታን ከእናቱ ጋር ሊፈስክ ሲወርድ መሸሃ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም። ሽማግሌዎች በንጋት ሄደው ለእናቱ ለእማማ ውቢት መርዶውን ነገሯቸው። እሳቸው ግን «ያላየሁትን አላለቅስም» ብለው ሰዎቹን ቁርስ አብልተው ሸኟቸው። ለቅሶም አልተቀመጡ፣ ተዝካርም አላወጡ።

እኔ በዚያው ቀን ፎቶውን ከአማርኛው ገጽ አነሳሁት። በእኛ ወግ የሞተ ሰው ፎቶ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል እንጂ ገበያ ላይ ቆሞ አይስቅም፤ ዘመድ ቢያየው ሆዱ ይባባል። ጀርመንኛውን ግን ተውኩት። እዚያ ማን ያውቀዋል ብዬ ነው። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ፀጋውም «እስከ ጥር ይቆይ፣ የእንግዳ ወቅት ነው» አሉኝ። ጥርም መጣ፣ ሄደ። አይ የእኔ ነገር፤ መተው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መስከረም ላይ ገጹን ሳድስ በእጄ «ዘንድሮም በጥቅምት ደባርቅ እጠብቃችኋለሁ» ብዬ ጻፍኩበት። ሰውየው ከሞተ ዓመት አልፎታል።

ደብዳቤው ይመጣ ጀመር። «ውድ ክንዴ፣ ጫማዬ አዲስ ነው፣ ይጠብበኝ ይሆን?» «ውድ ክንዴ፣ ባለቤቴ ከፍታ ይፈራል።» እኔም በእሱ ስም እመልሳለሁ። መጀመሪያ እንደ ሥራ ነበር። ኋላ እሱ የሚለውን እሱ እንደሚለው መጻፍ ጀመርኩ፤ ስጽፍ ሳቁ ይሰማኛል፣ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። እንግዶቹ ደባርቅ ሲደርሱ በበሩ አንገታቸውን አስግገው እሱን ይፈልጋሉ። «አገሩ ገብቷል» እንላቸዋለን። ፈራሁ፤ ልደብቀው አልችልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄ ደግሞ ወረቀት እንኳ አይደለም፣ ቀዶ አይጣልም።

ኡርሱላ የምትባል ጀርመናዊት መጣች። በደብዳቤ «እናትህን ልጎብኛቸው?» ብላ ጠይቃ፣ እኔ፣ ማለቴ ክንዴ፣ «ደስ ይላቸዋል» ብያት ነበር። አስጎብኚው ሚናስ ከራስ ደጀን መልስ በሌላ መንገድ ሊያወርዳት ሞከረ፤ እሷ እንቢ አለች። እማማ ውቢት ደጃፍ ደርሳ ስልኳን አውጥታ ከአገሯ ሳለች ያስቀመጠችውን የልጃቸውን ፎቶ ከነጽሑፉ አሳየቻቸው። እሳቸው «ምን ይላል?» ብለው ሚናስን ጠየቁት። እሱም ልቡ ከዳውና የተጻፈውን ብቻ ተረጎመ፤ «ዘንድሮም በጥቅምት ደባርቅ እጠብቃችኋለሁ ነው የሚለው» አላቸው።

በሳምንቱ፣ ኅዳር መግቢያ ላይ፣ እማማ ውቢት ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁለት ቀን በእግር፣ የቀረውን በአይሱዙ ላይ ነው የመጡት። አዲስ ጋቢ አጥፈው ይዘዋል።

«ልጄ የት ነው የሚጠብቀው?» አሉኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። ስልኬን ከፍቼ ድረ ገጹን አሳየኋቸው። አማርኛው ገጽ ነው የመጣው፤ ዝንጀሮውና ገደሉ ብቻ።

«እዚህስ የለም» አሉ።

«በዚህኛው የለም፣ እማማ።»

«ለፈረንጆቹ ግን አለ?»

ወደ ጀርመንኛው ቀየርኩት። ክንዴ ብቅ አለ። እማማ ውቢት ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ሳሙት፤ ሲስሙት ገጹ ተንሸራቶ ሌላ ነገር መጣባቸው፣ ደንግጠው መለሱልኝ።

«ይህን ቃል መቼ ነው የተናገረው?»

«እሱ አልተናገረውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ከውሃው በፊት ነው፣ ከውሃው በኋላ?»

«በኋላ» አልኩ።

ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ለእነዚያስ ሰዎች መርዶውን ማን ነገራቸው?» አሉ።

«ማንም አልነገራቸውም።»

«በአንድ አገር ሞቶ፣ በአንድ አገር ቆሞ፣ እኔ በየትኛው ልያዘው? ንገሪያቸው። መርዶ ደግሞ ሲነጋጋ ነው የሚነገር። እነሱ ዘንድ መቼ ነው የሚነጋ?»

«ለእኛ ሦስት ሰዓት ሲሆን።»

አቶ ፀጋው ከደጅ ሲገቡ ሰምተውናል። «ወቅቱ ሳያልቅ ሞት የሚለጠፍበት ድረ ገጽ የት ታይቷል?» አሉ። ምላሴ ያን ጊዜ ተመለሰልኝ። «እንግዲያው እርስዎ በክንዴ ስም ይጻፉላቸው፤ እኔ ከእንግዲህ አልጽፍም» አልኳቸው። አቶ ፀጋው እማማ ውቢትን አዩና ተመልሰው ወጡ።

ሴትዮዋ እኔ ቤት አደሩ። በማግስቱ ሚናስም መጣ፤ ወጥ ሠሪያችን ኤልሳቤጥም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ መርዶ በአንድ ሰው አይነገርምና። ሚናስ አቀርቅሮ ከበሩ ሥር ቆመ። እኔ ለጀርመን የሚስማማ አድርጌ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወንዙን ከፍታ። እማማ ውቢት «አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? እንደኛ አድርገሽ ንገሪያቸው» አሉ። ሁሉንም አጠፋሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ክንዴ ካቻምና በነሐሴ ወደ እናቱ ሲሄድ መሸሃ ወንዝ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በስሙ የጻፍኩላችሁ እኔ ትሕትና ነኝ። አይጠብቃችሁም።»

ሦስት ሰዓት ሲሆን ተጫንኩት። ፎቶው ሄደ፣ ጽሑፉ መጣ።

«አሁን ሰሙ?»

«እየሰሙ ነው፣ እማማ።»

«እዚያም የለም?»

«የለም።»

ሻሻቸውን ፈቱ። ጠጉራቸው ተንዠርግጓል፤ ከዓመት በላይ ሳይቆረጥ የቆየ። ኤልሳቤጥን ምላጭ ለመኗት፤ ከጎረቤት ሱቅ ይዛ መጣች። ልትላጫቸው ስትጠጋ በእጃቸው ከለከሏትና ምላጩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንቺ ላጪኝ» አሉኝ። «እስካሁን ያቆየሽው አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ ነው ለቅሷቸውን የጀመሩት። እኔም እየላጨሁ አለቀስኩ።